የእሳት እራቶቹ ቆብ

ናንሲ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1996፣ እሁድ

ፉልቤር ከቅዳሴ መልስ በደጃችን አለፈ። መድኃኒት ቤቱን ሸጦ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔን ማናደድ ብቻ ነው፤ በሥራውም ትጉህ ነው። እንቁላል ልትጥል እንደደረሰች ዶሮ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያለ፣ «ሐሙስ አንድ ነገር ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትሞት» አለኝ።

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«ባዮን ድረስ መጥተህ ነው የምትቀብረኝ?»

ልጁ ወደ ባዮን ወስዶ ከራሱ ጋር ሊያኖረው ነው፤ የቤቱን ደረጃ ለመውጣት ልቡ እንቢ ብሎታል። የቅዱስ ኒኮላን በዓል እዚህ አክብሮ በማግስቱ ይሄዳል። ባዮን ማለት አገሪቱን ከጥግ እስከ ጥግ ማቋረጥ ነው፤ ዕድሜዬን ባቡር ስነዳ ስለኖርኩ ያንን ርቀት በካርታ ሳይሆን በወገቤ አውቀዋለሁ። በእኔና በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስንብት የሚደረገው አንዴ ነው። ስለዚህ ይህን መከር እንደ ጥሩ ወይን ጥቂት ጥቂት እያልን ልንጠጣው ተነጋግረናል።

ሶላንዥ ማሰሮ እያጠበች፣ «ቆቡን አግኝቶልህ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቴ ሁልጊዜ የማልደፍረውን ነገር ቀድማ ትናገርብኛለች።

ያንን የመብራት እግር የገዛሁት ልጃችን በተወለደችበት ዓመት ነው። የመስታወት ጠቢቡ የኦበርተን ሥራ ነው፤ ከታች ውሃ፣ ከውሃው ደንገል፣ ከደንገሉ በላይ እየጠቆረ የሚሄድ የምሽት ሰማያዊ። ከላዩ የሚደፋው የመስታወት ቆብ ግን ከጥንት ጀምሮ የለም። ቆብ የሌለው መብራት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ልጃችን አድጋ አግብታ ወልዳለች፤ መብራቴ እስካሁን ባል ትጠብቃለች።

የሚራቤል ፍሬ ማርማላታ ዘንድሮ አምሮበታል። አምፖል የሚሠሩ ሰዎች ግን ሌቦች ሆነዋል፤ ስድሳ ሻማ ብለው የሚሸጡልን ከድሮው አርባ ሻማ አያበራም።


ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ ማታ

ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ እዋሻለሁ።

ሐሙሶች ሦስት ነን፤ እኔ፣ ፉልቤርና አሮጌ ዕቃ ሻጭዋ ማዳም ፒየራር። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ቤት እንሰበሰብና አንዳችን ያመጣውን መስታወት ሌሎቹ እንፈርድበታለን። ሕጋችን አጭር ነው። አንድ መብራት በመስኮት ብርሃን፣ ጠፍቶ፣ ከዚያም በርቶ ሳይታይ ፍርድ አይሰጥም። ሦስቱን ሳያይ የፈረደ የዕለቱን ወይን ይገዛል።

ፉልቤር ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ። ከጥጡ ውስጥ ቆቡን አወጣውና በመብራቴ እግር ላይ ደፋው። ልክ ገባ። ቀለበቱ እንኳ ጠቅ አላለም፤ ለዚያ እግር የተወለደ ይመስላል። ዙሪያውን የእሳት እራቶች አሉበት፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ብርሃኑ የሚበሩ፤ የአንዷ ክንፍ ጫፍ ሊነካ እንደ ተቃረበ። ልቤ ዘለለች ብዬ ብጽፍ አላጋነንኩም።

ከዚያ ሰማዩን አየሁት። እራቶቹ የሚበሩበት ሰማይ ቡናማ ነው። የተቃጠለ የሽንኩርት ሾርባ።

«ፉልቤር፣ ይሄ ጋብቻ ነው» አልኩት።

በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ከተለያየ እናት የተወለዱ እግርና ቆብ አጣብቆ አንድ መብራት ነው ብሎ ማቅረብ ማለት ነው።

«ሰማያዊ እኮ ነው፣ አናቶል» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«የቱ ጋ?»

«አፍንጫህ ሥር።»

«አፍንጫዬ ሥር ያለው ቡናማ ነው። እግሩ ሰማያዊ፣ ቆቡ ቡናማ። ዕድሜ ዓይንህን ጨረሰው መሰለኝ።»

ማዳም ፒየራር እንደ ልማዷ በቤተሰቤ ስም ጠርታኝ መሀል ገባች። «ሙሴ ሙዦ፣ እስቲ ወደ መስኮት እንውሰደው። እስቲ እናብራው።»

«አያስፈልግም! አርባ ዓመት ያህል ባቡር ነድቼ አንድ ምልክት ያልሳትኩ ሰው ነኝ» አልኩና ቆቡን ከእግሩ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ገለበጥኩት።

ሐሙሶች ይህን ያውቁታል። በዕቃ ወዳጆች ዘንድ የሰውን ቆብ ፊቱ ገልብጦ ማስቀመጥ «አጭበርባሪ ነህ» ማለት ነው፤ በአፍ ከመናገር ይብሳል። በሕይወቴ አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም ነበር።

ፉልቤር የተገለበጠውን ቆብ አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቱን ለበሰ። ቆቡን ትቶ፣ ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። እየዘነበ ነበር።


ሴፕቴምበር 13

ትክክል ነኝ። ቡናማ ነው።

ጃንጥላውን ግን ሶላንዥ ወስዳ ሰጠችው። ምን አለ ብዬ ብጠይቃት፣ «አመሰግናለሁ አለ» አለች። ስለ እኔስ? «ስለ ጃንጥላው ነው ያወራነው።»


ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ

ማንም አልመጣም። ወይኑን ብቻዬን ጠጣሁ፤ ምንም አይልም። ሶላንዥ ለሦስት ሰው የጋገረችውን የሚራቤል ታርት ለሁለት በላነው፤ አመስጋኝ ሰው ስለሆንኩ የፉልቤርን ድርሻ አላስተረፍኩም።

በዚህ አያያዛችን እስከ ቅዱስ ኒኮላ የቀረን ጊዜ እንደ ሳሙና ይሟሟል። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው።


ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

አሳየዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጥሩ ብርሃን ቢያገኝ ቡናማነቱ ይጋለጣል። ኩሽና ያለውን የመቶ ሻማ አምፖል አውጥቼ እግሩ ውስጥ አሰርኩት፤ ቆቡን ደፋሁበት።

ለአሮጌ መስታወት ከሃያ አምስት ሻማ በላይ መስጠት ለሕፃን ኮኛክ እንደ ማጠጣት ነው። ይህን ለከተማው ሰው ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ለአንድ አፍታ ብቻ ነው።

ሶላንዥ ከኮሪደሩ ሆና፣ «አንተ ሰው፣ ምን እየጠበስክ ነው?» አለችኝ።

«እውነትን!»

«ከተጠበሰ አትብላው፣ ሆድህን ያምሃል።»

በመቶ ሻማም ቡናማ ነው። እንዲያውም ባሰበት። ላጠፋው ስል «ቅጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ድመቷ ሚኔት ጥፍሯን ወለሉ ላይ ስትፍቅ እንዲህ ትላለች። ሶላንዥ ድመቷ ጓሮ ናት ትላለች። ድመት ፈጣን ነገር ናት።

ቆቡን በእጄ ዳሰስኩት። ምንም የለውም። ምንም አይታየኝም። መልሼ በጀርባው አስተኛሁት።


ኦክቶበር 3

ደክሞኛል፣ አጭር።

ወይን ስቀዳ ብርጭቆው የነበረበት ቦታ አልነበረም። የጠረጴዛው ልብስ ጠጣ።

ጋዜጦች ፊደላቸውን እያሳነሱ ነው፤ ወረቀት ቆጥበው ይሆናል።

ሶላንዥ መኪናውን ከእንግዲህ እኔ ልንዳ አለች። ነዳች። ግሩም ትነዳለች፤ ቀድማ ብትጠይቀኝ ኖሮ ይሄኔ ወገቤ ባልታመመ።

ዛሬ ሐሙስም ማንም አልመጣም።


ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ማዳም ፒየራር በአሮጌው ከተማ ገበያ ዕቃዋን ዘርግታ ነበር። ሰላም ስላት ጉንጬን ሳመችኝ፤ አልተቀየመችም ማለት ነው፤ ወይም ነጋዴ ናት። አንድ ሳህን አነሣሁና፣ «ይህን ግራጫ ነገር ማን ይገዛሻል?» አልኳት።

«ግራጫ? ሙሴ ሙዦ፣ የእመቤታችን መጎናጸፊያ እንኳ እንደዚህ ሰማያዊ አይደለም።»

«አዎ፣ ልትሸጪ ስትፈልጊ ሁሉም ነገር የእመቤታችን ነው።»

አልሳቀችም። ሳህኑን ከእጄ ቀስ ብላ ተቀበለችኝና አቧራውን ጠረገች። ከዚያ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ሙሴ ፉልቤር እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። ግን ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። ያንን ቆብ ከየት እንዳመጣው ታውቃለህ?» አለች።

«ከአጭበርባሪ።»

«ሉኔቪል ካለች አንዲት ባልቴት ነው። ባልቴቷ በገንዘብ አልሰጥም አለች። ገንዘብ ምን ያደርግልኛል፣ በመብራት ከሆነ በመብራት እለውጣለሁ አለች። ቀዩን ሰጣት።»

«የትኛውን ቀይ?»

«የዤርሜንን።»

ቋሊማ ሻጩ ጋ ሄጄ ሳልፈልግ ቋሊማ ገዛሁ።


ኦክቶበር 13፣ እሁድ

ትናንት ብዙ አልተኛሁም። ቀዩ መብራት የፉልቤር ሚስት የዤርሜን መብራት ነበር። ቀይ አበባ ያለበት ትንሽዬ ነገር፣ ከራስጌዋ የሚበራ። በመጨረሻው ሕመሟ ጊዜ ጨለማውን ፈርታ አጥፉት አላለችም። ከሞተች በኋላ ፉልቤር በየማታው ያበራው ነበር። «ለምን ታበራዋለህ፣ እያነበብክ አይደለም?» ብዬ ቀልጄበት አውቃለሁ። «እሷ ታነባለች» ብሎኝ ነበር።

ያንን ነው የሰጠው። ለእኔ እግር ቆብ ብሎ። ሊሄድ ሲል ትቶልኝ የሚሄደው ነገር ፈልጎ።

ጠዋት ስነቃ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ምስኪኑ ፉልቤር ተጭበርብሯል! ያቺ ባልቴት ቡናማ ቆብ ሰጥታ ቀዩን ወሰደችበት። እሱ አጭበርባሪ አይደለም፤ የተጭበረበረ ነው። ጥፋተኛ ነህ ስለው የነበረው ሰው ንጹሕ ሆነልኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ስልክ ደወልኩ።

«ፉልቤር፣ ሁሉንም ሰማሁ። አይዞህ። አልቀየምኩህም።»

መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«ምን ታደርግ፣ በዚህ ዕድሜ ዓይን ይደክማል። ሉኔቪል ሄደን ቀዩን እናስመልሳለን። ቡናማ መሆኑን እኔ እመሰክራለሁ።»

«አናቶል» አለኝ፤ «ጥሩ ሰው ሆነህ ስትሰድብ ከመጥፎነትህ ይብሳል።» ዘጋው።

ሶላንዥ ድንች እየላጠች ሁሉንም ሰምታለች። ቢላዋዋን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ምን?» አልኳት። «ምንም። አንድ ድንች ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። ሽንኩርት ነበር።


ኦክቶበር 27፣ እሁድ

የልጄ ልጅ ክሌማንስ ለምሳ መጥታ ነበር። ይህቺን ልጅ እግዚአብሔር የሰጠኝ ለዋዛ ነው፤ ሌላ ሰው የማይስቅበትን ሁሉ ትስቅልኛለች። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

«አያቴ፣ ካልሲህ።»

«ካልሲዬ ምን ሆነ?»

«አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነው።»

«የፓሪስ ወጣቶች እንዲህ ነው የሚለብሱት፤ አንቺ ገጠር ስለምትኖሪ አልሰማሽም።»

ከዚያ የአንገት ልብሷን አንሥታ፣ «ይሄስ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አለች። «የተቆላ ቡና» አልኳት። ልጅቷ አጥፋ አስቀመጠችው። ከምሳ በኋላ ከሴት አያቷ ጋር ኩሽና ውስጥ ገብተው በር ዘጉ። ጆሮዬ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነው።

«ሐምራዊ ነው እኮ፣ አያቴ! ሐምራዊ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ከፋሲካ ጀምሮ ነው ያወቅኩት። ሰውየው ባቡር ነጂ ነው፤ ዓይንህ አያይም ብትዪው እግርህ ይቆረጥ ያልሽው ያህል ነው።»

ሶላንዥ ያለኔ ፈቃድ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች። እሄዳለሁ አልኩ፤ እሷን ለማስደሰት ያህል ነው። ምንም እንደሌለብኝ ይነግሯታል።


ኖቬምበር 5

የዓይን ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እጇ ሞቃት ነው። በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ አለ። ሽማግሌ ሞራ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ።

«ሙሴ ሙዦ፣ ዓለሙን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እያዩ ነው የኖሩት። አልታወቀዎትም?»

«ዓለሙ ያረጀ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

የቀኙን በአስራ ዘጠኝ፣ የግራውን በዲሴምበር ትሠራልኛለች። ሞራውን አውጥታ ምስር የምታህል ጥርት ያለች ነገር ታስገባልኛለች። «እንደ መስታወቶቻችን ፊርማ ይኖራታል?» ብዬ ጠየቅኋት። «የኔን ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ይህቺን ሴት ወደድኳት።

በመኪና ስንመለስ ሶላንዥ ነዳች። የማስበውን አልጽፈውም። ገና አላየሁም፤ ካላየሁ አልፈርድም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አውቃለሁ።


ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ነርሷ ሻሹን ፈታችው። መጀመሪያ ያየሁት የእጅ መታጠቢያ ነው፤ ነጭ። በረዶ ነጭ! አንድ ተራ የሆስፒታል መታጠቢያ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ሶላንዥን አየኋት። ዓይኖቿ ሰማያዊ ናቸው። ስናገባ ሰማያዊ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ግን ያንን ያወቅኩት በማስታወስ ነበር። «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» አለችኝ። «ዓይንሽ» አልኩ። ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረን እንደ አዲስ ሙሽራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እኔ ምን ያህል እንዳረጀሁ ልታይ ነው እንግዲህ» አለች። አዎ አየሁ። የፊቷን ሽብሽብ ሁሉ አየሁ፤ አንዱንም አልመልስም።

ቤት እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ ወደ መብራቱ ሄድኩ። ቆቡ አሁንም በጀርባው ተኝቷል። አንሥቼ እግሩ ላይ ደፋሁት።

የግራ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በአዲሱ አየሁ። ሰማያዊ። እራቶቹ በሰማያዊ ምሽት ይበራሉ፤ ከታች ያለው ውሃ፣ ከላይ ያለው ሰማይ፣ አንድ ነው። ከአንድ ማቅለጫ ድስት፣ ምናልባትም በአንድ ቀን የወጣ መስታወት።

ከዚያ የቀኙን ጨፈንኩ፤ በአሮጌው አየሁ። ቆቡ ቡናማ። እግሩንም አየሁት፤ እግሩም ቡናማ!

እዚህ ላይ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

እግሩ ለዓመታት ቡናማ ሆኖ ሲታየኝ ነበር። እኔ ግን ሰማያዊ መሆኑን ስለማውቅ ሰማያዊ አየሁት። በየማለዳው ያየሁት በዓይኔ አልነበረም፤ በትዝታዬ ነበር። ቆቡ አዲስ እንግዳ ነው፤ ትዝታ የለኝም፤ ስለዚህ እሱን ብቻ በዓይኔ አየሁት። ያጣላኝ ያ ነው። ፉልቤርን ያባረርኩት፣ በሕይወቴ አንዴ ብቻ አንድ ነገር በራሴ ዓይን በማየቴ ነው!

ስስቅ ሶላንዥ መጣች። ነገርኳት። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመችና በጣቷ የቆቡን ጠርዝ ነካች።

«አናቶል፣ ይሄ ምንድነው?»

ከጠርዙ ተነሥቶ እስከ አንዷ የእሳት እራት ክንፍ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ። መቶ ሻማ። ድመቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።


ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

ሄጄ ልነግረው ተነሣሁ። ግን ዝናብ ነበር።

ሶላንዥ፣ «አሁን ታያለህ አይደል? በመስኮት ተመልከት» አለች።

ፀሐይ ነበር። ነገ እሄዳለሁ።


ኖቬምበር 25

አልሄድኩም። መቶ ምክንያት አለኝ፤ ሁሉም አሳፋሪ ነው። ጥፋቴ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ሰማያዊውን ቡናማ አልኩት፣ ሰውየውን አጭበርባሪ አልኩት፣ ከዚያም አዘንኩለት፣ ከዚያም የሰጠኝን ሰነጠቅኩት። እንደ ደረጃ አንዱ በአንዱ ላይ።


ኖቬምበር 28፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ደረጃውን ስወጣ ልቤን ሰማሁት፤ ፉልቤር በየቀኑ የሚሰማው ይህንን ነው ማለት ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ።

«ዕውር።»

«ለዕውሮች ዛሬ አልሰጥም።» በሩን ግን ከፈተው።

ቤቱ በካርቶን ሞልቷል። ቀዩ መብራት የነበረበት ቦታ ላይ የዤርሜን ፎቶ ብቻ ቆሟል። የምቀመጥበት ወንበር ላይ ምጣድና ድስት ተደርድሯል፤ ቆሜ ቀረሁ፤ ይገባኛል።

«ሰማያዊ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ሞራ ነበረብኝ። አንዱን አወጡልኝ።»

«አውቃለሁ። ሶላንዥ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ስልክ አልደወልክም?»

«አንተ ሰው! ይቅርታ ልትጠይቅ መጥተህ ወቀሳ ጀመርክ?»

ድስቶቹን ከወንበሩ ላይ አነሣልኝና ተቀመጥኩ።

«ልንገርህ» አለ። «ቀለም ስትስት ሁለት ዓመት ሆኖሃል። የማዳም ፒየራርን አረንጓዴ ማሰሮ ማር መስሏል አልክ፤ እኔ አዎ አልኩ፤ እሷም አዎ አለች። ግራጫ ያልከውን ሁሉ ግራጫ አልን። ሐሙስ ሐሙስ አንተ ስትፈርድ እኛ ሁለታችን በጠረጴዛ ሥር በእግራችን እየተነካካን እሺ እንል ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የባቡር ነጂ ኩራቱ ዓይኑ ነው። ወዳጅ የወዳጁን ኩራት አይቀማም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ተቆጣህ? አንድ ጊዜ ደግሞ ቡናማ ብል ምን ነበረበት?»

መስኮቱን አየ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ስልህ ኖሬ አንድ ቀን ብቻ አይደለም አልኩህ። ሰማያዊ ነው አልኩህ። ያንን አንድ ቀን ልታምነኝ ይገባ ነበር።»

ለዚህ ቀልድ አጣሁ። በሰማንያ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ልክ ነህ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ደግመህ በለው፤ ይሄንን ጆሮዬ ለምዶት አያውቅም።»

«ሂድ ወዲያ! ገና አልጨረስኩም።» ስንጥቁን ነገርኩት። የመቶ ሻማውን ስነግረው ፊቱ ቀላ፤ ልቡን ይዞ ሲንፈራፈር ፈራሁ፤ ሳቅ ነበር።

«መቶ ሻማ! አንተ! እኔን ከሃያ አምስት አለፍክ ብለህ ያንገላታኸኝ!»

«እንዳታወራው።»

«ባዮን ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ የማወራው የመጀመሪያ ወሬ ይሄ ነው።»

የሚራቤል አረቄ ቀዳልኝ። ብርጭቆው የነበረበት ቦታ ላይ ነበር።


ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ሐሙስ። ሦስታችንም ተገኘን። ማዳም ፒየራር በቅዱስ ኒኮላ መልክ የተጋገረ የዝንጅብል ዳቦ ይዛ መጣች፤ ራሱን ፉልቤር ገመጠው።

መብራቱን እንደ ሕጋችን አየነው። በመስኮት፣ ጠፍቶ፣ በሃያ አምስት ሻማ በርቶ። ስንጥቋ ስታበራ ብር መስላ ታየች። በጠረጴዛው ሥር እግር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

«አሁን ደግሞ ምንድነው የምትነካኩት?»

«ልማድ ነው» አለች ማዳም ፒየራር።

ወይኑን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሕግ ሕግ ነው። ሲጨርሱ ቆቡን አነሣሁ፣ በጥጥ ጠቀለልኩ፣ ፉልቤር ባመጣበት ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። እግሩንም ጠቀለልኩና በሌላ ሳጥን አስገባሁት። ሁለቱንም ፊቱ አኖርኩለት።

«ምንድነው ይሄ?»

«የራስጌ መብራት። አሁን ራስጌህ ጨለማ ነው።»

«አናቶል፣ እግሩ የልጅህ እኩያ ነው።»

«ልጄም ካገባች ቆየች፤ ሄዳለች፤ በሰላም ትኖራለች።»

«አልወስደውም።»

«ማዳም ፒየራር፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ይህ መብራት ስንት ያወጣል?»

ሴትየዋ ወዲያው ገባት። «ስንጥቅ አለበት። ለገበያ አይሆንም።»

«ሰማህ? ለገበያ የማይሆን ነገር ለወዳጅ ካልተሰጠ የት ይጣላል?»

ፉልቤር መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ዤርሜን ምን ትል ይሆን? ቀዩን ለምዳ» አለ።

«ሰማያዊ ይስማማታል በላት። ምስክር አለኝ በላት።»


ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሄደ።

ልጁ ካርቶኖቹን ከኋላ ጫነ፤ ሁለቱን ሳጥኖች ግን ፉልቤር ከኋላ አይጫኑም ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። በተከፈተው መስኮት እጁን ይዤ ጥቂት ተሰዳደብን። ምን እንደተባባልን አልጽፍም፤ ሶላንዥ ይህን ደብተር ታነባለች፣ ደግሞም ጨዋ ሴት ናት።

መኪናው ተነሣ። እኔ መንገዱ መሀል ቆሜ የግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። በእሱ ቢሆን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሳይደርስ ወደ ጭጋግ ይገባብኝ ነበር። በአዲሱ ግን ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ አየሁት። የፋርማሲውን አረንጓዴ መስቀል አለፈ፣ አየሁት፤ የራሱ የነበረውን። በመስኮት የወጣች እጁን አየሁ፤ የሸሚዙን ነጭ እጅጌ፣ ወዲህና ወዲያ የምትል። ከባቡር ድልድዩ ሥር እስኪገባ ድረስ አየሁት። ይህ ሁሉ መንገድ ለእኔ የተጨመረልኝ ነው።

ቀስ ብዬ ገባሁ። ሶላንዥ ሾርባ እያሞቀች ነበር።

«ዓይንህ ረጥቧል» አለችኝ።

«የሐኪሟ ጠብታ ነው» አልኳት።

ጠብታው ማታ ማታ እንደሆነ ታውቃለች፤ የምትጨምርልኝ እሷ ናት። «አዎ፣ ጠብታው ነው» አለችና ሾርባውን ቀዳችልኝ።